የማይረጋው ፈሳሽ

ፕሮፌሰሩ የሞተው በካልሲው ነው። እዚያ ክፍል ጫማ አድርጎ የሚገባ፣ በር የሚያላትም፣ ከሹክሹክታ በላይ የሚናገር ሰው የለም፤ ስሙንም ዝምታ ክፍል ይሉታል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ዘበኛው እንደ ልማዱ በበሩ ትንሽ መስኮት አጮልቆ ሲያይ፣ ያ አገር ላገር እየዞረ ስለ ብርጭቆ ጠባይ ሲያስተምር የኖረ ሰው በግንባሩ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጁ ቀጭን የብረት ማንኪያ ጨብጧል። ከራስጌው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳለት ጠርሙስ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል።

ከፖሊስ የተላከችውን መርማሪ ባልደረቦቿ በሌለችበት «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ አንዴ ከገባች ክሩን ሳታስከትል አትወጣም የሚሉም አሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ስትደርስ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«አየር አጥሮት ነው የሞተው» አላት። «ቁስል የለም፤ መርዝም አይመስልም። ለማቀዝቀዣ የሚጠቀሙበት ፈሳሽ ናይትሮጅን እየተነነ ወደ ጋዝ ሲለወጥ የክፍሉን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል። ሰውዬው መሞቱን እንኳ አላወቀም።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀችና ዓይኗን ወደ መግቢያው መለሰች። ከዝምታ ክፍል በፊት ካፖርትና ጫማ የሚወለቅባት ጠባብ ቦታ አለች። የሟቹ ካፖርት እዚያ ተሰቅሏል፤ ትከሻው ተስተካክሎ፣ የአንገት ልብሱ ተጣጥፎ በአንዱ እጅጌ ውስጥ ገብቶ። ጫማዎቹ ከሥር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልብስ መሸጫ ቤት እንኳ እንዲህ ያማረ አሰቃቀል አይታ አታውቅም።

ዘበኛው ቆቡን በእጁ እያዞረ ይጠብቃት ነበር። ጸጉሩ የሸበተ፣ ለንግግር የማይቸኩል ሰው ነው።

«አባባ፣ በሩ ተቆልፎ ነበር?»

«ኧረ አልተቆለፈም። ገፋ ሳደርገው ተከፈተ። ገብቼ ነካኋቸው፤ ቀዝቅዘዋል። ወጣሁና ለምክትሉ ደወልኩ።»

«ለፖሊስ ሳይደውሉ?»

«እዚህ ቤት ሥርዓት አለ፣ የኔ እህት። ሰማይ ቢደፋም መጀመሪያ የሚነገረው ለምክትሉ ነው።»

«ሲገቡ የሰሙት ድምፅ ነበር?»

«ምን ድምፅ ይኖራል? ያው የአየር ማስወጫው ነው። እንደ ሁልጊዜው ይጮኻል።»

«ማስወጫው በርቶ ነበር ነው የሚሉኝ?»

«በርቶ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ጠርሙሱስ?»

«ሳየው ነጭ ነበር። እንደ ረጋ ሞራ ድፍን ብሎ። ሁልጊዜ እንደ ውሃ ነበር የማውቀው።»

አሁን ግን ጠርሙሱ ከጠረጴዛው ላይ ጥርት ብሎ ያያታል፤ ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ያለው ሚስማር በውስጡ ይታያል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችው፣ ዘበኛውንም አየችው፤ ሰውዬው ቃሉን አልለወጠም።

*

ምክትሉ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው ነው። የአለቃው አስከሬን ገና ከግቢው ሳይወጣ በአለቃው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፤ መርማሪዋ ግን ከእኔ ትሻላለች፤ ፊቷ አልተለወጠም።

«ዶክተር፣ ጠርሙሱን ነክተውታል?»

«ነክቻለሁ። ውርጭ ይዞት ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆየሁትና መለስኩት። የተቋሙ ቅርስ ነው እኮ፤ ይበላሽ ልል ነው?»

«ሰው ሞቶ እያዩ?»

«እሳቸውን ከዚያ በኋላ ማዳን አይቻልም ነበር። ጠርሙሱን ግን ይቻል ነበር።»

«ዘበኛው ነጭ ሆኖ አይቼዋለሁ ይላል።»

«ያየው ውርጭ ነው አልኩሽ። ነገሩ ግልጽ ነው። ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ገቡ፣ ለልኬት ብለው ማስወጫውን አጠፉ፣ ሰዓቱን ዘነጉ። አደጋ ነው። በሚመጣው ሳምንት ትልቅ ሽልማት ሊቀበሉ ነበር፤ እኔ እቀበልላቸዋለሁ።»

«ከእርሳቸው ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«እንደ አባትና ልጅ።»

ሰዎች የዚህን አባትና ልጅ ጠብ ከሦስተኛው ፎቅ ድረስ ሰምተውታል። ፕሮፌሰሩ የምክትሉን ስም ከመጨረሻው ጽሑፍ ላይ አውጥቶ፣ የቢሮውን በር ቁልፍ ደግሞ አስቀይሮበት ነበር። እሁድ ጠዋት የት ነበሩ ስትለው «ቤቴ» አለ፤ ምስክር የለውም። እውነቱን ለመናገር ማንም ምስክር አልነበረውም። እዚህ ቤት ፕሮፌሰሩ ላይ ቂም ያልቋጠረ ፍጡር ቢኖር ያው ጠርሙሱ ብቻ ነው።

የዶክትሬት ተማሪዋን ያገኘቻት ኮሪደሩ ላይ፣ ከዝምታ ክፍል በር ውጭ ከቆመች አንዲት የእንጨት ወንበር አጠገብ ነው። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል፤ ማልቀሷ ለሟቹ ይሁን ላልጨረሰችው ጥናት እሷም የለየችው አይመስልም። ፕሮፌሰሩ «ገና ነሽ» እያለ ሲያዘገያት ጓደኞቿ ሁሉ ተመርቀው ሄደዋል።

«እንደ ሕፃን አስረጂኝ» አለቻት መርማሪዋ። «ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«ውሃ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ በረዶ ይሆናል። ግን በጣም ንጹህ ከሆነና ካልነኩት፣ መርጋት ካለበት በታች ቀዝቅዞም ውሃ ሆኖ ይቆያል። መርጋት ይፈልጋል፤ የሚጀምርበት ነገር ነው ያጣው። አንዲት የበረዶ ፍንጣሪ ጣል ቢያደርጉበት ግን እሷን ይዞ ሁሉም ይረጋል።»

«ብርጭቆስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«ፈሳሽ ሲረጋ ክሪስታል ይሆናል፤ ቅንጣቶቹ በሥርዓት ይሰለፋሉ። ብርጭቆ ደግሞ ለመሰለፍ ጊዜ ሳያገኝ ባለበት የደረቀ ፈሳሽ ነው። እሳቸው የሠሩት ፈሳሽ አሁን እኛ በቆምንበት ሙቀት እንኳ መርጋት ነበረበት፤ አይረጋም። ያሻዎትን ያህል ቢያቀዘቅዙት እንደ መስኮት መስታወት ጥርት ብሎ ይደርቃል እንጂ ነጭ አይሆንም። ‹ፈጽሞ አይረጋም› ብለው ጻፉ፤ ዝናቸው የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው።»

«ቢረጋስ?»

ልጅቷ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየች። «‹ረግቷል› ያለች አንዲት ልጅ ነበረች። ከእኔ በፊት እዚህ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራ። ጉንዳን ይሏት ነበር፤ ትንሽዬ ናት አሉ፣ ሥራ አይደክማትም። ‹ክሪስታል አይቻለሁ› ስትል ‹ሌላ ዱቄት ጨምረሽ ነው፤ አጭበርባሪ› ተብላ በኮሚቴ ተባረረች። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀጠራትም። በቅርቡ ሞተች አሉ፤ ኪራይ ቤት፣ ብቻዋን።»

መርማሪዋ እጇን ወንበሯ ላይ አሳረፈች። «ይቺስ የማን ናት?»

«የእስትንፋስ ጠባቂው። ልኬት ሲሠራ ማስወጫው ይጠፋል፣ ንዝረቱ ፈሳሹን እንዳያውከው። አየር ሲያንስ የሚጮኸው ደወልም አብሮ ይጠፋል።»

«ማን ነው እንዲህ ያስገጠመው?»

«ራሳቸው። ድንገት ቢጮህ ፈሳሼን ያስደነግጠዋል ብለው። ማብሪያው ያለው ግን ውጭ ነው፣ እዚህ ከወንበሩ በላይ። ስለዚህ አንድ ሰው እዚህ ይቀመጣል። መሣሪያውን ያቀብላል፣ በመስኮቱ ያያል፤ ከውስጥ መስታወቱ በጥፍር ቀስ ተደርጎ ሲነካ፣ ወይም ቆይታው ሲበዛ፣ ማስወጫውን ያበራል። ጠባቂ ሳይኖር መግባት ክልክል ነው። እሳቸው ደግሞ በነፍሳቸው ቀልድ አያውቁም።»

«አንቺ ጠብቀሽላቸው ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ አፈረች። «አንድ ቀን ብቻ። ሳላውቀው አንጎራጉራለሁ። ከውስጥ ወጥተው ‹ፈሳሼን ልታስጨፍሪብኝ ነው?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበሯ አጠገብ አልደርስም።»

«ካፖርታቸውን የሚሰቅልላቸው ማን ነው?»

«ካፖርት?» ልጅቷ በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች። «እሳቸው እኮ የትም ነው የሚወረውሩት። ወንበር ላይ፣ መሬት ላይ፤ አንድ ቀን ምድጃ ላይ ጥለውት ሊቃጠል ነበር።»

መርማሪዋ አመስግናት ስትሄድ፣ ከኋላዋ ቀጭን ዜማ ሰማች። ልጅቷ እያንጎራጎረች ነበር።

*

ምድር ቤት ያለው ብርጭቆ ሠሪ ቀኑን ሙሉ በቱቦ ሲነፋ ስለሚውል «ጋሽ እፍ» ነው ስሙ። የእሳቱ ጩኸት ጆሮውን በልቶታል፤ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስል እየጮኸ ያወራል። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ ከኋላው ሰላም ብላው አልሰማም፤ ፊት ለፊቱ ስትቆም ነው እሳቱን የቀነሰው።

«ሞተ አሉ» አለ። «እግዜር ይማረው ልበል? ከአንገት በላይ ይሆንብኛል። ጡረታ ውጣልኝ ብሎኝ ነበር።»

«ጉንዳንን ያውቋታል?»

ሽማግሌው የያዘውን ቱቦ አስቀመጠ። «ልጄን? እንዴት አላውቃት! እዚህ እየመጣች ነበር ምሳዋን የምትበላው። ‹ጋሼ፣ አየሁት፣ ነጭ ሆኖ ሲያድግ በዓይኔ አየሁት› አለችኝ። እንደሷ የሚያየው ሰው አጣች እንጂ አልዋሸችም። ሁሉን ነገሯን ሰብስበው አቃጠሉባት። ያ ምክትል ተብዬ ነው የፈረመው።»

«የሚመሰክርላት አልነበረም?»

«የሚመሰክርባት ነው የነበረው። እህቷ! የገዛ ታላቅ እህቷ። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት። ኮሚቴው ፊት ቆማ ‹እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ትዋሻለች› አለች። ልጅቷ ያን ቀን ነው የሞተችው፤ የተቀበረችው ዘግይታ ነው።»

«እህቷ ማን ናት?»

ጋሽ እፍ አልሰማም መሰለ፤ እሷም ወደ ደህናው ጆሮው ዞራ ደገመችለት።

«አላወቅሽም እንዴ?» አለ። «የፕሮፌሰሩ ሚስት ናታ።»

*

መርማሪዋ የሟቹ ሚስት ቤት ሰው ይበዛዋል ብላ ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ብቻዋን ናት። ጥቁር ለብሳለች። በሩን ከፈተች፣ መርማሪዋን በዓይኗ ለካቻት፣ ካፖርቷን ከትከሻዋ ላይ ተቀበለቻት። ትከሻውን በእጇ አስተካክላ ሰቀለችው፤ የአንገት ልብሷንም አጥፋ እጅጌው ውስጥ አስገባችው። እጇ ይህን ሁሉ ሲሠራ እሷ ስለ ብርዱ ታወራ ነበር።

መርማሪዋ ካፖርቷን ትንሽ አየት አደረገችና ተቀመጠች።

«እሁድ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።»

«ባለቤትዎ ድሮ፣ ተቋሙ ሳይስፋፋ፣ ከማን ጋር ነበር የሚሠሩት?»

«ከእኔ ጋር። አንድ ክፍልና አንድ ወንበር ነበረን። እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ።» ሴትዮዋ ይህን ያለችው ሳታመነታ ነው። «ያኔ ሰው ነበር።»

«እህትዎ በቅርቡ አርፈዋል አሉ። ነፍስ ይማር።»

«ያንቺንም ያኑርልሽ።»

«ዕቃዋ ደረሰዎት?»

«አንድ ካርቶን። የሰው ዕድሜ አንድ ካርቶን ሞላ ሲሉሽ አትገረሚ፤ የእሷ አልሞላም።»

መርማሪዋ ለመሄድ ስትነሣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ነገ ሁላችሁንም ተቋሙ ውስጥ አንድ ላይ ላነጋግራችሁ ነው። ምክትሉ ስለ ፈሳሹ ያስረዱናል። የእህትዎም ጉዳይ ይነሣል፤ ምን እንደሚሉ አስቀድሜ እነግርዎታለሁ፤ አጭበርባሪ ነበረች ነው የሚሉት። ባይመጡ አላስገድድዎትም።»

ሴትዮዋ ዓይኗ ደም ለበሰ፤ ድምጿ ግን ከፍ አላለም። «እመጣለሁ» አለች።

*

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጡ፤ ምክትሉ ከጠረጴዛው ራስ፣ ተማሪዋ መስኮቱ ሥር፣ ጋሽ እፍ ደህና ጆሮውን አዙሮ፣ ሚስቲቱ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ዘበኛው በሩ አጠገብ ቆሟል። መርማሪዋ አንድ የተዘጋ የፈሳሹን ብልቃጥ ከሌላው ሕንፃ መጋዘን እንዲመጣ አዝዛ ነበር።

«ዶክተር፣ ይህ ፈሳሽ እንደማይረጋ ያሳዩን።»

ምክትሉ በደስታ ተነሣ። ግን ብልቃጡን ከመክፈቱ በፊት የለበሰውን ኮት አውልቆ ኮሪደር ላይ አስቀመጠ፤ ገና ከፕላስቲኩ ያልወጣ ነጭ ካባ ለበሰ፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ ፈሳሹን ሰፋ ባለ የብርጭቆ ሳህን ላይ አፈሰሰ። መርማሪዋ ከሻይ ትሪው ላይ ስኳር አንስታ ሰጠችው፤ ጨመረበት። በብርጭቆ ዘንግ ጫረው። ሳህኑን አንቀጠቀጠው። ፈሳሹ እንዳለ ነው።

«አያችሁ?» አለ ምክትሉ። «ያቺ ልጅ ዋሽታለች። ፊርማዬን ያኖርኩት አምኜ ነው፤ ዛሬም ቢሆን እፈርማለሁ። አጭበርባሪ ነበረች።»

ጋሽ እፍ ሊነሣ ሲል መርማሪዋ በእጇ አስቀመጠችው። ሚስቲቱ አልተንቀሳቀሰችም።

«እሺ፣ እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ። «ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ገብተው፣ ማስወጫውን አጥፍተው፣ ዘንግተው ቢሞቱ ኖሮ ማስወጫው እንደጠፋ ይገኝ ነበር። የሞተ ሰው ኮሪደር ወጥቶ ማብሪያ አያበራም። አባባ ሲገቡ ግን በርቶ ነበር። ስለዚህ ወንበሯ ላይ ሰው ነበረ። ያ ሰው ማብራት ሲገባው አላበራም፤ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ አበራው።»

«ካለቀ በኋላ ለምን ያበራል?» አለች ተማሪዋ።

«ቀጥሎ የሚገባው ሰው እንዳይሞት። አባባ ዛሬ በሕይወት የቆሙት ለዚህ ነው። ይህን ያደረገው ሰው የሚፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ።

«እንግዲህ ማን ነበር? በነፍሳቸው ቀልድ የማያውቁ ሰው እስትንፋሳቸውን ለማን ይሰጣሉ? ዶክተር፣ ለእርስዎ አይሰጡም፤ የቢሯቸውን በር እንኳ ከልክለውዎታል። አንቺ ታንጎራጉሪያለሽ። ጋሼ ፊት ለፊትዎ ካልቆሙ አይሰሙም፤ በጥፍር የተነካ መስታወት ከየት ይሰማሉ? የቀረው፣ ከሁሉም በፊት በዚያች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ካፖርታቸውን የሚሰቅልላቸው ሰው። እሳቸው ካፖርታቸውን የትም ይወረውራሉ፤ እሁድ ዕለት ግን የአንገት ልብሳቸው ሳይቀር እጅጌው ውስጥ ገብቶ ነበር የተሰቀለው። እንዲህ አድርጎ የሚሰቅል አንድ ቤት ብቻ አውቃለሁ። የእኔንም ካፖርት እንዲሁ ሰቅለውልኝ ነበር።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሚስቲቱ ዞረ። እሷ መርማሪዋን ብቻ ነበር የምታየው።

«ምክንያቱ ደግሞ ጠርሙሱ ነው። አባባ ነጭ ሆኖ አይተውታል። ውርጭ ከውጭ ይይዛል እንጂ ከውስጥ አያረጋም። ሟቹ ደግሞ ማንኪያ ይዘው ነበር። ሰው ማንኪያ የሚይዘው ሊዝቅ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ አንድ ነገር ይስፋፋ ነበር፤ እሳቸው እየዛቁ ሊያወጡት ይታገሉ ነበር። በሩ አልተቆለፈም። መውጣት ይችሉ ነበር።»

«ተረት ነው» አለ ምክትሉ።

«ዶክተር፣ ፈሳሹ የማይረጋ ከሆነ ኮትዎን ለምን አወለቁ? እጅዎን ለምን እስከ ክርንዎ ታጠቡ? እሁድ ዕለት ያንን ነጭ ነገር በእጅዎ ይዘው አቅልጠውታል። አንዲት ፍንጣሪ ኮትዎ ላይ ቀርታ ሰው ፊት ታጋልጠኛለች ብለው ፈርተው ነው። እርስዎ ያቺ ልጅ እውነቷን እንደነበር ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ያውቃሉ። አሁን አጭበርባሪ ናት ሲሉ እያወቁ ነው።»

ምክትሉ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቶሎ ግን ተመለሰ። እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ ነው የሚመለሰው። «ማስረጃሽ የታለ?» አላት። «ጠርሙሱ ጥርት ያለ ነው። የካፖርት አሰቃቀል ፍርድ ቤት ልታቀርቢ ነው?»

«የለኝም» አለች መርማሪዋ። «ሕግ ፊት ይህ ሁሉ ወሬ ነው። እርስዎ ማስረጃውን በሙቅ ውሃ አጥበውታል። ይህ ነገር እንዲህ ከቀረ ማንም አይታሰርም፤ ሞቱ አደጋ ይባላል፣ ዶክተርም ሽልማቱን ይቀበላሉ፣ ያቺም ልጅ ውሸታም እንደተባለች ትኖራለች። ክሪስታሉ በእጁ ያለ ሰው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው።» ወደ ሚስቲቱ ዞረች። «አንድ ነገር ልንገርዎት። እሱን ካወጡት እኔም እንዳላየሁ አልሆንም። እይዝዎታለሁ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ከፈተች።

የጥርስ መፋቂያ የምታህል፣ ጫፏ በእሳት የተደፈነች የብርጭቆ ቱቦ ነበረች የያዘችው፤ አፏ ተሰብሮ በጥጥ ተወትፏል። ጋሽ እፍ ሲያያት አወቃት፤ የገዛ እጁ ሥራ ናት።

«ካርቶኑ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልላ ነው ያገኘኋት» አለች ሚስቲቱ። «ምን እንደሆነች አላወቅሁም። ለእሱ አሳየሁት። ‹ምንድን ነው?› አላለኝም። ‹የት አገኘሽው?› ነው ያለኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። እኔ ነኝ ኮሚቴው ፊት ቆሜ ከልጅነቷ ትዋሻለች ያልኩት። እሱን አምኜ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችኝም።»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ለመንኩት። ሽልማቱን ስትቀበል ስሟን ጥራ፣ እሷ ናት ያየችው በል አልኩት። ‹ለሞተ ሰው ምን ይረባዋል?› አለኝ። እሁድ እንደ ድሮው ልጠብቅልህ ስለው ደስ አለው፤ ኮሪደሩ ላይ እንደ ሙሽራ ክንዴን ያዘኝ። ቴርሞሜትሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ጫፉ ላይ የልጄን ክሪስታል ለጥፌበታለሁ። በገዛ እጁ ነከረው።»

«መስኮቱ ላይ ሆነው አዩት?» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ።

«አየሁት። ነጩ እያደገ ሲሄድ በማንኪያ ይዝቃል፤ እሱ በዛቀ ቁጥር ያ ይሰፋል። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። መስታወቱን ቢነካ ኖሮ እጄ ማብሪያው ላይ ነበር፤ አበራለት ነበር ይመስለኛል። አልነካም። መልሶ ወደ ጠርሙሱ ጎነበሰ። ከነፍሱ ያን ውሸት መረጠ፤ እኔም ተውኩት።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ይቆጭሽ እንደሆነ አትጠይቂኝ። የሚቆጨኝ ልጄ ላይ የተናገርኩት ብቻ ነው።»

ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ራስ ሄደች። ምክትሉ ሳህኑን ወደ ራሱ ሊስብ እጁን ሲሰድ ዘበኛው ከበሩ ተራምዶ ክንዱን ያዘው። ሴትዮዋ ጥጡን ነቀለችና ቱቦዋን ሳህኑ ላይ በጣቷ መታ መታ አደረገች። ለዓይን የማትሞላ አንዲት ነጭ ቅንጣት ወደቀች።

ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ቅንጣቷ ዙሪያ ነጭ ክብ ታየ። ክቡ ሰፋ፤ ጫፉ እሾህ እሾህ እያወጣ፣ ጥርት ያለውን ፈሳሽ እየበላ፣ ስኳሩንና ዘንጉን እያለፈ፣ ሳህኑ ዳር ድረስ ሄደ። ተማሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ እፍ ያለቅስ ነበር። ሳህኑ ድፍን ነጭ ሆኖ ሲቆም ሴትዮዋ በጣቷ ነካችው፤ ደረቅ ነው፣ ትንሽም ይሞቃል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለችው ምክትሉን።

ምክትሉ መርማሪዋን አየ። መርማሪዋ አልረዳችውም።

«ክሪስታል ነው» አለ።

«መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

«ጉንዳን።»

«ጉንዳን አይደለም ስሟ። ስትፈርም አንብበኸዋል።»

ሰውዬው ወለሉን እያየ የልጅቷን ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጠራ።

«አልሰማሁም» አለ ጋሽ እፍ።

ሴትዮዋ ሁለት እጇን ለመርማሪዋ ዘረጋች፤ ዓይኗን ግን ከምክትሉ ላይ አላነሣችም።

«ድገመው» አለችው።

ደገመው።